የአባባ ሜትር ውሸት

ልብስ ሰፊው የሜትር ገመድ ከአንገታቸው ወርዶ ስለማያውቅ የሰፈሩ ሰው ሁሉ «አባባ ሜትር» ይላቸዋል። ሥራ ቤታቸው ከመኖሪያ ቤታቸው ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘች፣ በሯ ወደ መንገድ የሚከፈት አንዲት ክፍል ናት። በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና፣ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ ካውያና ደንበኛ ራሱን ከላይ እስከ ታች የሚያይበት መስታወት ሞልተዋታል። አባባ ሜትር እዚያች ክፍል ውስጥ አርባ ዓመት ተቀምጠዋል። በሁለት ነገር ይታወቃሉ። አንደኛ፣ ልብስ ሰፊ ሆነው ሳለ ቀጠሮ አያፈርሱም፤ ሐሙስ ካሉ ሐሙስ ነው። ሁለተኛ፣ በእግር መሄድ አይወዱም። ሁለት መታጠፊያ አልፎ ወዳለው ዳቦ ቤት ለመሄድ እንኳ ታክሲ ሲጠብቁ የታዩበት ጊዜ አለ። «እግር የተሰጠኝ መኪናዬን እንድረግጥበት ነው» ይላሉ። ደንበኛ ይስቃል፤ እሳቸው ግን የምራቸውን ነው።

ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ሦስት ናቸው፤ እሳቸው፣ አንድ ወንድ ልጃቸውና ምራታቸው። ልጃቸው የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ከወሩ ሃያውን ቀን የሚያሳልፈው መንገድ ላይ ነው። ምራታቸው የማተሚያ ቤት አራሚ ናት። መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት ፊደል የተዛነፈበትን፣ ነጥብ የጎደለበትን በቀይ እስክሪብቶ እየለቀመች ታወጣለች። ይሄ አመል ቤት ድረስ ተከትሏት ይገባ ነበር። የመድኃኒት ወረቀት፣ የሳሙና ካርቶን፣ የአማቷን የደረሰኝ ደብተር ሳይቀር እያነበበች ስህተት ስታገኝ ብቻዋን ትንከተከታለች። አባባ ሜትር ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ጭር ብሎባቸው የነበረው ቤት በእሷ ሳቅ ሰው የገባበት ቤት ሆኖላቸው ነበር።

ካገባች በሦስተኛው ዓመት አረገዘች። በሰባተኛው ወር አንድ ማክሰኞ ጠዋት ደም ፈሰሳት። ባሏ የሦስት ቀን መንገድ ርቆ ነበር። አባባ ሜትር ደግፈው ታክሲ ውስጥ አስገቧትና ሆስፒታል አደረሷት፤ በማደንዘዣ አስተኝተው ቀዶ ሕክምና አደረጉላት። እሷ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም። ስትነቃ ሁሉም ነገር አልቋል። ወረቀቱን የፈረሙት፣ ሕፃኑን ከነርሷ እጅ የተቀበሉት፣ ወስደው የቀበሩትም አማቷ ናቸው። ከዚያ ቀን በኋላ በቤቱ ውስጥ ስለ ሕፃኑ አንዲት ቃል የተነፈሰ የለም። አባትና ልጅ ለእሷ አዝነው ዝም አሉ። እሷም ለእነሱ አዝና ዝም አለች።

አራት ወር አለፈ። ማተሚያ ቤቱ የሰጣት ፈቃድ ሲያልቅ አስጨመረች፤ የተጨመረው ሲያልቅ ደግሞ እንደገና አስጨመረች። ቤቱ ውስጥ አቧራ የለም፣ ምግቡ ሰዓቱን ጠብቆ ይቀርባል፣ ልብስ ታጥቦ ተተኩሶ ይቀመጣል፤ እሷ ግን የለችበትም። የመኝታ ቤቷ መጋረጃ ተዘግቶ ይውላል። አባባ ሜትር መኪናቸው ላይ ሆነው በግድግዳው በኩል ኮቴዋን ይሰማሉ፤ ከማድ ቤት ወደ አልጋ፣ ከአልጋ ወደ ማድ ቤት። እንዴት ነሽ ሲሏት «ደህና ነኝ አባባ» ትላለች፤ እንደዚህ ስትል ድምፅዋ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ስልክ ስታነሳ እንደምታሰማው ዓይነት ነው። ባሏ በስልክ ሐኪም ዘንድ እንድትሄድ ሲለምናት የሚቀጥለው ሳምንት ትለዋለች።

እንዲህ ሆኖ ሳለ አባባ ሜትር የግራ ጆሯቸው ተደፍኖባቸው ክሊኒክ ሄዱ። እዚያ የምትሠራው ወጣት ሐኪም ደንበኛቸው ናት፤ ቀሚሶቿን የሚሰፉላት እሳቸው ናቸው። በስሪንጅ ሞቅ ያለ ውሃ እያስገባች ጆሯቸውን ስታጥብላቸው፣ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ስለ ምራታቸው ማውራት ጀመሩ። ጆሯቸው ስለተደፈነ የገዛ ድምፃቸውን መጠን አያውቁትም፤ ሐኪሟ ተነሥታ በሩን ዘጋችው። እስኪጨርሱ ድረስ ሰማቻቸው። ከዚያ ወንበሯን አስጠግታ፣ በዳነው ጆሯቸው በኩል ቀስ ብላ ነገረቻቸው። ሐዘን የራሱ ጊዜ እንዳለው፣ እሷም ምራታቸውን ብታያት ደስ እንደሚላት ተናገረች። «እስከዚያው ግን ከቤት ትውጣ» አለች። «ዛፍ ባለበት፣ በጠዋት፣ በእግሯ። ያድናታል ብዬ አልምልልዎትም። ግን ሰው ሲራመድ ውስጡም ትንሽ ይላወሳል። እንቅልፍ ይመጣል፣ ምግብ ይበላል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሳያስበው ይናገራል።»

አባባ ሜትር ራሳቸውን ነቀነቁ። ለራሷ ብላ አትወጣም አሉ።

«ለማን ብላ ትወጣለች ታዲያ?» አለች ሐኪሟ እጇን እየታጠበች። መልስ ፈልጋ አልነበረም። አባባ ሜትር ግን ጥያቄውን ይዘውት ወጡ።

በማግስቱ ምሳ ላይ ዋሹ። ዕድሜ ልካቸውን ለደንበኛ እንኳ ዋሽተው የማያውቁ ሰው ስለሆኑ ዓይናቸውን ከሳህናቸው ላይ ሳያነሱ ነው የተናገሩት። ሐኪሟ እንደመረመረቻቸው፣ በመቀመጥ ብዛት ደማቸው እግራቸው ላይ እየተኛ እንደሆነ፣ በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ያህል መሄድ እንዳለባቸው፣ ያውም ሽቅብ፣ ያውም ዛፍ ባለበት፣ ነገር ግን ቢወድቁ የሚያነሳቸው ስለሚያስፈልግ ብቻቸውን እንዳይሞክሩት አጥብቃ እንደነገረቻቸው አወሩ። ብዙ ዝርዝር የጨመሩት ከፍርሃት ነው። ሲጨርሱ ምራታቸው ማንኪያዋን አስቀምጣ በአራት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ትኩር ብላ አየች።

«መቼ ነው የምንጀምረው?» አለቻቸው።

«ነገ» አሉ፤ ውሸቱ እንዲህ በቀላሉ መዋጡ እያስደነገጣቸው።

ከቤታቸው ተነሥቶ ትምህርት ቤቱን አልፎ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ የከተማው ውሃ ማጠራቀሚያ ጋ ሲደርስ አስፋልቱ ያልቃል። ከማጠራቀሚያው በስተጀርባ በጥድና በሌሎች አሮጌ ዛፎች የተሸፈነ ኮረብታ አለ፤ በመሃሉ ቀጭን የእግር መንገድ ይሄዳል፣ ዝቅ ብሎ አንድ ትንሽ ጅረት አለ። አባባ ሜትር ይሄን ኮረብታ አርባ ዓመት በመስኮታቸው ያዩታል፤ ገብተውበት ግን አያውቁም። የመጀመሪያው ቀን ሙሉ ልብሳቸውን ከነክራቫቱ ለብሰው፣ ለሠርግና ለለቅሶ የሚያደርጉትን ጥቁር ጫማ አድርገው ወጡ። ምራታቸው እንደሚሰበር ብርጭቆ ክንዳቸውን ይዛ፣ በሌላ እጇ ያሰረችውን ሰዓት እያየች ሄደች። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ «እንመለስ» አለች፤ ተመለሱ። ሌላ የተነጋገሩት ነገር የለም።

ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ ነበር። ሦስተኛውም። በአራተኛው ቀን የአባባ ሜትር ሁለቱም ተረከዞች ተልጠው ስለነበር ማነከስ ጀመሩ፤ ማነከሳቸው ደግሞ ውሸቱን ይበልጥ እውነት አስመሰለው። ቤት ገብተው ካልሲያቸውን ሲያወልቁ ምራታቸው ደሙን አየች። ከሰዓት በኋላ አባባ ሜትር የውጭው በር ሲከፈት ሰምተው በመስኮት ቢያዩ ብቻዋን መንገዱን ስትሻገር አዩዋት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ነጭ የሸራ ጫማ ገዝታላቸው ተመለሰች፤ ጎኑ ላይ አረንጓዴ መስመር አለው። አባባ ሜትር ከሙሉ ልብስ ጋር እንዲህ ያለ ጫማ ማድረግ ለአንድ ልብስ ሰፊ ምን ያህል ውርደት እንደሆነ ለማስረዳት አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ሳይልኳት ወጥታ ነው ያመጣችው። በማግስቱ ጠዋት አደረጉት።

በዘጠነኛው ወይም በአሥረኛው ቀን ይመስለኛል፣ ዛፎቹ በሚጀምሩበት ቦታ ምራቲቱ ቆመች። ግንድ ላይ የተመታ፣ በነጭ ቀለም የተጻፈበት ቆርቆሮ ነበር። በየቀኑ በአጠገቡ ያልፋሉ፤ ቀና ብላ ግን አይታው አታውቅም። አነበበችው። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አባባ ሜትር የምታለቅስ መስሏቸው ደንግጠው ክንዷን ያዙ።

«ያንብቡት አባባ» አለች በጣቷ እያሳየች።

አነበቡት። «ዛፍ መቁጠር ክልክል ነው» ይላል። ሁለት ጊዜ አነበቡትና ምኑ እንደሚያስቅ አልገባቸውም። የጻፈው ሰው መቁረጥ ለማለት ፈልጎ ሁለቱን ፊደላት እንዳቀያየራቸው ስትነግራቸው ግን እሳቸውም ሳቁ። ምራታቸው ዓይኗን በመሐረብ እየጠረገች ትስቃለች። አባባ ሜትር ዙሪያቸውን ቃኙ። «ዘበኛ የለም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እንቁጠር።» ቆጠሩም። አርባ ሦስት ላይ ሲደርሱ ከሥሩ ለሁለት የተከፈለ አንድ ዛፍ አጋጠማቸውና አንድ ነው ሁለት ነው ተብሎ ክርክር ተነሣ። አባባ ሜትር ሱሪ ሁለት እግር ስላለው ሁለት ሱሪ ነው አይባልም አሉ። በዚያን ቀን ሰዓቷን ማየት ረሳች፤ ቤት ሲደርሱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኖ አንድ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀስ በቀስ መለወጥ ጀመረ። የተለወጠበትን ቀን ይሄ ነው ማለት አይቻልም። አንዲት ግንደ ቆርቁር ጎጆዋን የምትሠራበትን ዛፍ ለዩ። ዝናብ ሲያድር መሬቱ የሚሸተው ሽታ ፀሐይ ሲወጣ ከሚሸተው ይለያል፤ ይሄን መጀመሪያ ያወቀችው ምራቲቱ ናት። አባባ ሜትር ዛፎቹን በሚያውቁት ቋንቋ ነው የሚያውቋቸው። ይሄኛው ቅርፊቱ ሸንተረራም ኮርዶሮይ ነው፣ ያኛው የተተኮሰ ለስላሳ ፖፕሊን ነው፣ ይሄ አሮጌው ደግሞ አራት ጊዜ የተጣፈ ሱፍ ነው እያሉ በመዳፋቸው ይዳብሷቸዋል። እሷም ትዳብሳለች። ቤት ሲገቡ ይርባት ጀመር። መጀመሪያ ግማሹ፣ ከዚያ ሙሉው መጋረጃ ተከፈተ። ምሽት ላይ መጽሐፍ እንደያዘች እንቅልፍ ይዟት ይሄዳል።

አባባ ሜትርም ለማንም ያልተናገሩት አንድ ነገር ነበራቸው። ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ሳያዩ ክር የሚያስገቡበት መርፌ አራትና አምስት ጊዜ ይስታቸዋል። እርጅና ነው ብለው ተቀብለውት ነበር። አንድ ጠዋት ከኮረብታው ተመልሰው ሲቀመጡ ክሩ በአንድ ጊዜ ገባላቸው። መርፌውን ወደ ብርሃን አንሥተው ለረጅም ጊዜ አዩት። ለካስ እሳቸውም ታመው ኖሯል።

በሁለተኛው ወር አጋማሽ ኮረብታው ላይ እያሉ ዝናብ ያዛቸው። ወደ ፊት ጎበጥ ያለ ትልቅ ድንጋይ ሥር ገብተው ተጠለሉ። ዝናቡ ቅጠሉ ላይ ሲወርድ ድምፁ ሌላውን ሁሉ ይሸፍናል። ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ፊት ለፊት አይተያዩም። ምናልባት ለዚያ ይሆናል መናገር የቻለችው።

«አባባ» አለች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እውነቱን ይነግሩኛል?»

አባባ ሜትር ውሸቱ የታወቀ መሰላቸው። «ጠይቂኝ» አሉ።

«አይተውታል?»

ማንን አላሉም። «አይቼዋለሁ» አሉ።

«ተሸፍኖ ነው?»

«ነርሷ ሸፍና ነው የሰጠችኝ። እኔ ገልጬ አየሁት።»

ዝናቡ ቀጠለ። «ምን ይመስላል?» አለች። ምን ይመስል ነበር አላለችም።

አባባ ሜትር የቃል ሰው አይደሉም። ሰውን የሚያውቁት በልኩ ነው። ሁለት እጃቸውን አውጥተው አየሩ ላይ ለኩ። «ቁመቱ ሁለት ስንዝር አይሞላም» አሉ። «ትከሻው ግን ለቁመቱ ሰፋ ያለ ነው። እሱ የባልሽ ነው፤ ኮት የሚያምርበት ትከሻ ነው። ክንዱ ረዘም ይላል። ያ ያንቺ ነው። ላንቺ ስሰፋ ሁልጊዜ እጅጌው ላይ ሁለት ጣት እጨምር የለ፤ ለዚያ ነው። ፀጉር አለው፣ ጥቁር፣ ግንባሩ ላይ ተለጥፏል። ፊቱ ላይ የጭንቀት ነገር የለም። እንቅልፍ የወሰደው ሰው ነው የሚመስለው።»

ምራታቸው እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትሰማለች። ትንሽ ቆይታ በምን እንደሸፈኑት ጠየቀቻቸው።

«እነሱ ጨርቅ ሰጥተውኝ ነበር» አሉ። «ሻካራ ነው። ቆዳው ደግሞ በጣም ስስ ነበር። የለበስኩትን ኮት ገበሩን ተርትሬ አወጣሁና በሱ ጠቀለልኩት። ሐር ነው። ከዚያ ከእናታችሁ ጎን አስተኛሁት። ሩቅ አይደለም፤ ከዚህ ኮረብታ ወዲያ ነው።»

አለቀሰች። ያን ሁሉ ወር ያላለቀሰችውን በአንድ ጊዜ፣ እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። አባባ ሜትር አይዞሽ አላሉም፤ እጇን ብቻ ያዙ። እንባቸው ክራቫታቸው ላይ እየወረደ መሆኑን ያወቁት በኋላ ነው። ለቅሶዋ ሲበርድ ለምን እስከዛሬ እንዳልነገሯት ጠየቀቻቸው፤ በቁጣ አይደለም።

«እንዴት ብዬ ልጀምረው?» አሉ። «እኔም የምነግረው ሰው አልነበረኝም።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ከቤት አልወጣችም። አባባ ሜትር የዳነውን ቁስል የነካኩት መሰላቸው። በግድግዳው በኩል ለባሏ ስትደውል፣ ስታለቅስ፣ ስትናገር፣ ዝም ብላ ስትሰማ፣ እንደገና ስትናገር ሰሙ። ስልኩ አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። ባልና ሚስቱ ከሕፃኑ ሞት ወዲህ በስልክ ከአምስት ደቂቃ በላይ አውርተው አያውቁም ነበር፤ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ መቼ ትመጣለህ፣ አለቀ። በአራተኛው ቀን ጠዋት የሥራ ቤቱ በር ተንኳኳ። ሻርፗን ጠምጥማ ቆማለች።

«ጫማዎትን ያድርጉ አባባ» አለች። «ደምዎ ይተኛል።»

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ደግ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ሐኪሟ ያሠራችውን ቀሚስ ልትወስድ መጣች። አባባ ሜትር ካውያው ላይ ነበሩ። ምራቲቱ ሻይ ይዛ ገብታ ሐኪሟን ስታገኝ ደስ አላት፤ ስለ አማቷ ስታስብ የነበረውን አንድ ነገር ለመጠየቅ ጥሩ አጋጣሚ ሆነላት። ከጅረቱ ማዶ ያለው ዳገት ቀጥ ያለ ነው፤ እንዲህ ደማቸው ላልተስተካከለ ሰው ይከብዳቸው ይሆን ብላ ጠየቀቻት።

«የምን ደም?» አለች ሐኪሟ መስታወቱ ፊት ቀሚሱን ትከሻዋ ላይ እየለካች። «እኔ እኮ ጆሯቸውን ነው ያጠብኩላቸው።» ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ የአባባ ሜትርን ፊት አየች። ቀሚሷን ይዛ ቶሎ ወጣች።

ምራቲቱ ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አልጮኸችም። ብትጮህባቸው ይሻላቸው ነበር።

«ሁልጊዜ እኔ ተኝቼ ነው የምትወስኑልኝ» አለች። «ያን ጊዜም ተኝቼ ሳለሁ ወስዳችሁ ጨረሳችሁት። አሁን ደግሞ በእግሬ እየሄድኩ ነው ብዬ፣ ሰው እየረዳሁ ነው ብዬ…» አልጨረሰችውም።

አባባ ሜትር ለአንቺ ብዬ ነው ሊሉ ይችሉ ነበር፤ እውነትም ነበር። አላሉም። «ዋሽቼሻለሁ» አሉ። «ልክ ነሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።» ካውያው የነበረበት ጨርቅ መጨስ ሲጀምር ነው ያነሡት።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የውጭው በር ተከፈተ። አባባ ሜትር ጫማቸውን አድርገው ተዘጋጅተው ነበር። በመስኮታቸው ፊት ብቻዋን አለፈች፤ ቀና ብላ እንኳ አላየችም። በሚቀጥለውም ቀን እንደዚያው። በየቀኑ ትሄዳለች፣ ፊቷ በብርድ ቀልቶ ትመለሳለች፣ ምሳ ታቀርባለች፣ ትናገራለችም፤ ነገር ግን ስለ ኮረብታው አንድ ቃል አትነግራቸውም። አባባ ሜትር ራሳቸውን ጠየቁ። የፈለጉት ይሄንኑ አልነበረም ወይ? በእግሯ፣ በራሷ ፈቃድ፣ ለራሷ ብላ ወጣች። ደስ ሊላቸው ይገባል፤ ደስም ብሏቸዋል። ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሆን እግራቸው መኪናውን መርገጥ እምቢ ይላል። ግንደ ቆርቁሯ ጎጆዋን ጨርሳ ይሆን እያሉ ያስባሉ። በዚያው ሳምንት የአንድ ሰውዬ ሱሪ አንዱ እግሩ ከሌላው በሁለት ጣት አጠረ። ፈትተው እንደገና ለመስፋት ሲሉ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የሐሙስ ቀጠሮ አፈረሱ።

ያን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሥራ ቤቱን ዘግተው ብቻቸውን ወጡ። ዳገቱ ላይ ሦስት ጊዜ ቆመው አረፉ። የሚደግፋቸው ክንድ ስለሌለ ከመንገድ የወደቀ እንጨት አንሥተው ተመረኮዙ። ጅረቱ ጋ ሲደርሱ ላብ አጥምቋቸዋል፤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና የሸራ ጫማቸውን አወለቁ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ፣ እግራቸውን ውሃው ውስጥ ከተቱ። ቀዝቃዛ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው የሚሰማውን ሁሉ ሰሙ።

ምራታቸው በዚያን ቀን ጠዋት ማተሚያ ቤት ሄዳ ስለነበር ወደ ኮረብታው የመጣችው ከሰዓት በኋላ ነው። መንገዱ ሲታጠፍ አየቻቸው። ክራቫት ያሰረ ሽማግሌ፣ ሁለት ቀጫጭን ቅልጥሞቹን ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ከራሱ ጋር ፈገግ ይላል። ዛፍ ተደግፋ ብዙ ቆማ አየቻቸው። ማንም አያየኝም ያለ ሰው አያስመስልም። ከዚያ ወረደች።

«ማን አዝዞዎት ነው?» አለቻቸው።

ዓይናቸውን ገለጡ። «ማንም አላዘዘኝም» አሉ። «የዋሸሁትም ሰው የለም። ናፍቆኝ ነው የመጣሁት።»

ጫማዋን አውልቃ አጠገባቸው ተቀመጠችና እግሯን ውሃው ውስጥ አደረገች። ማተሚያ ቤቱ እንደሚቀበላት፣ ከሰኞ ጀምሮ ለጊዜው ግማሽ ቀን እንደምትሠራ ነገረቻቸው። ሐኪሟንም ሁለት ጊዜ ሄዳ እንዳነጋገረቻት፣ ሦስተኛም ቀጠሮ እንዳላት ነገረቻቸው። አባባ ሜትር ይሄን አያውቁም ነበር።

«አሁንም ተቀይሜዎታለሁ» አለች ከዚያ። «ባይዋሹኝ ኖሮ ግን አልወጣም ነበር። እሱም ያናድደኛል።»

«ሁለተኛ አልዋሽሽም።»

«ይችላሉ?»

«ዋሽቼ ያተረፍኩት የተላጠ ተረከዝ ነው» አሉ፤ እሷም ሳትፈልግ ሳቀች።

ሲነሡ ሁልጊዜ በሚሄዱበት በቀኝ አልሄዱም። ወዴት እንደሚወጣ እንይ ብላ በግራው መንገድ ይዛቸው ሄደች። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ እሷ ከፊት፣ እሳቸው ከኋላ ናቸው። እየሄደች፣ ሳትዞር፣ ለልጁ ስም እንዳወጣችለት ነገረቻቸው። ባሏ ያውቀዋል፤ ከእሱ ሌላ የሚያውቅ የለም። ስሙን ነገረቻቸው። አባባ ሜትር አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብለው፣ በአፋቸው ሞከሩት። «ልኩ ነው» አሉ። መንገዱ ኮረብታውን ዞሮ አንዲት ሴትዮ ጥቅል ጎመን የተከለችበት ማሳ ውስጥ ጣላቸው። ሴትዮዋ ችግኜን ረገጣችሁ ብላ ተቆጣቻቸውና ፊታቸውን አይታ፣ ምን እንዳየችበት እንጃ፣ አንድ አንድ ጎመን አሸክማ ሸኘቻቸው።

ቅዳሜ ሹፌሩ ልጅ ገባ። እሑድ ጠዋት ሦስቱም ተነሡ። መቃብሩ በመኪና ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ በዛፎቹ መሃል ግን ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ልጅየው ከባድ መኪናውን ሊያስነሣ ቁልፉን አንሥቶ ነበር። ሚስቱ ከእጁ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ በእግሬ ነው ልደርስበት የምፈልገው አለችው። ዕድሜውን መሪ ይዞ የኖረ ሰው ስለሆነ ዳገቱ መሃል ላይ ትንፋሹ አጠረ። አባቱ በሸራ ጫማቸው ቀድመውት ይሄዳሉ። ሚስቱ ቆማ ጠበቀችው። ደረስን ወይ ብሎ ጠየቃት።

«ገና ነው» አለችና እጇን ዘረጋችለት። «ቀስ ብለን እንደርሳለን።»